ኮፒ የሚባለው ዓሣ፦ የተፈጨውን ግዙ፣ ፊሌቶውን ተጠንቀቁ

ስለ ዓሣ አስተያየት ለመስጠት የምደፍረው ዝዋይ ሐይቅ ዳር ስላደግሁ ነው። አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነበር። እኔና ወንድሜ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቆሮሶ እየበለትን ፊሌቶ እናወጣለን፤ አባ ኮዳዎቹ አንጀቱን ለመሻማት ከኋላችን ይቆማሉ። አሁን የምኖረው ቺካጎ፣ ከሚሺጋን ሐይቅ የአሥር ደቂቃ መንገድ ርቆ በሚገኝ ሰፈር ነው። ጾመ ነቢያት ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከአንድ ዓሣ ቤት አራት ፓውንድ የተፈጨና ሁለት ፓውንድ ፊሌቶ ኮፒ ገዛሁ። ሁለቱም በረዶ ሆነው የታሸጉ ነበሩ። በጾም ዓሣ መብላት እንደሚያከራክር አውቃለሁ፤ በእናቴ ቤት ግን ከሁዳዴ በስተቀር ይበላ ነበር፣ እኔም በዚያው ቀጥያለሁ።

ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ግር ይላል፤ የወረቀት ቅጂ ይመስላል። የኢሊኖይ ግዛት በሰኔ 2022 (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ያወጣው የገበያ ስም ሲሆን፣ «እጅግ ብዙ» የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው። ዓሣው ከእስያ የመጣው ካርፕ ነው። ስሙ የተለወጠው አሜሪካኖች ካርፕ ሲባል ጭቃ ጭቃ የሚል ዓሣ ስለሚታያቸው ነው። ያ ሌላው ካርፕ ነው፤ በኮካና በዝዋይም አለ፣ የሐይቁን ወለል እየቆፈረ ይመገባል። እኔ የገዛሁት ጥቅል ላይ የተጻፈው ብርማው ካርፕ ግን አፉን ከፍቶ እየዋኘ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ዕፅዋትና እንስሳት የሚያጣራ ነው። ከምግብ ሰንሰለቱ ታች ስለሚመገብ ሜርኩሪው ዝቅተኛ ነው፤ ልጆች ላሉት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጥፋቱም የሚመጣው ከዚሁ አበላሉ ነው። ብርማውና ዘመዱ ባለ ትልቅ ራሱ ካርፕ በ1970ዎቹ ወደ አርካንሳስ የገቡት የዓሣ እርባታና የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬዎችን እንዲያጸዱ ነበር። ከኩሬዎቹ አምልጠው ሚሲሲፒ ወንዝ ገቡ፣ ከዚያም ሽቅብ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኢሊኖይ ወንዝ ወጡ። የሌላው ዓሣ ጫጩት ገና ሲፈለፈል የሚበላው እነርሱ የሚያጣሩትን ነው። እምቦጭ ጣናን ሲያለብስ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ እምቦጩ ከላይ ይታያል፣ ይህኛው ግን ከውኃው በታች ሆኖ ገበታውን ያራቁታል። የሚታየው ብርማው የሞተር ድምፅ ሲያስደነግጠው ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ እስከ ሦስት ሜትር እየዘለለ በጀልባ ላይ ያለውን ሰው ይመታል።

በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው አንድ ቦይ ነው። በ1900 የተከፈተው የቺካጎ ቦይ ሚሺጋን ሐይቅን ከሚሲሲፒ ወንዝ ጋር አገናኘ፤ ለከተማው ፍሳሽ ሲባል የተቆፈረው መንገድ ዛሬ ለዓሣው በር ሆኗል። ከ2002 ጀምሮ ሮሚዮቪል ላይ፣ ከሐይቁ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ውኃው ውስጥ ኤሌክትሪክ እየተለቀቀ ይታገዳል። ከዚያ በታች ጆሊየት አጠገብ ባለው የብራንደን ሮድ ግድብ ላይ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ተጨማሪ መከላከያ ታቅዷል። በዓመት 7 ቢሊዮን ዶላር የሚገመተውን የታላላቅ ሐይቆች (ሚሺጋን አንዱ ነው) ዓሣ ሀብት ያሰበ ሰው ወጪው አይበዛበትም። ሚኒያፖሊስ የምትኖረው እኅቴ ዘንድ ስሄድ በስቶን አርች ድልድይ ላይ እንመላለሳለን፤ እዚያ የነበረው የመርከብ ማሳለፊያ በር በሰኔ 2015 ለዚህ ዓሣ ሲባል ተዘግቷል። ከዚያ በታች ባለው የሚሲሲፒ ወንዝ፣ ዊስከንሲን ውስጥ ትሬምፐሎ አጠገብ በ2023 በአንድ ጊዜ 323 ወራሪ ካርፕ መያዛቸውን የነገረችኝ እርሷ ናት። እንግዲህ ከወንዙ እየተያዘ የሚወጣው ሁሉ ማዳበሪያ ከሚሆን የሰው ምግብ ቢሆን ይሻላል። ለዚህ ነው ገንዘቤን አውጥቼ የገዛሁት።

አሁን ወደ ድስቱ። ከተፈጨው ዱለት ሠራሁ። መጀመሪያ የምመክረው፣ በረዶው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀስ ብሎ ሌሊቱን ይቅለጥ፣ ከዚያም ወንፊት ላይ ግማሽ ሰዓት ይጠንፈፍ። ብዙ ውኃ ይወጣዋል። የመጀመሪያውን ጥቅል ሳላጠነፍፍ ብረት ድስት ላይ ጣልሁትና ተቀቀለ፣ ገንፎ መሰለ። ሁለተኛውን አጠንፍፌ፣ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ በዘይት ከበሰለ በኋላ ጨመርሁት፤ ቃሪያ፣ ኮረሪማ፣ ሚጥሚጣ፣ ጨው። ሥጋው ነጭና ልዝብ ነው፣ ቅመሙን ይቀበላል፣ የጭቃ ሽታ የለውም። ለብለብ የሚወድ ሰው ግን ይታገሥ፤ የወንዝ ዓሣ ስለሆነ በደንብ መብሰል አለበት።

በዚያ ምሽት ከሐዋሳ የመጡ ጎረቤታችን፣ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ አብረውን በሉ። ምን እንደሆነ አልነገርኋቸውም ነበር። ሁለት ጊዜ ከጎረሱ በኋላ «ልጄ፣ ይህ አምባዛ ነው?» አሉኝ። አምባዛ እንደማይሆን ግን ራሳቸው መለሱ፤ አምባዛ ይከብዳል፣ ይህ ቀለል ይላል። ስነግራቸው ተጨማሪ እንጀራ ጠየቁ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ፊሌቶው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ፣ ቅሬታዬም በዓሣው ሳይሆን በሻጩ ነው። ይህ ዓሣ በሥጋው መካከል እንደ ባላ ጫፋቸው የተሰነጠቀ ቀጫጭን አጥንቶች አሉት። ከጀርባ አጥንቱ ጋር ስላልተያያዙ የጀርባ አጥንቱን ስታወጣ አብረው አይወጡም። የዓሣ ቤቱ ሰው «አጥንቱ ወጥቷል» ብሎ ነው የሰጠኝ። በጣቴ ሳልዳስሰው አምኜው ጠበስሁት፣ የሰባት ዓመት ልጄም ጉሮሮዋ ላይ ተሰካባት። እንጀራ በጥድፊያ አጎረስናት፣ ስታስል ወጣላት፣ እጄ ግን እስከ ማታ ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግሥቱ ሄጄ ነገርኋቸው። ይቅርታ ጠየቁኝ፤ አጥንት እንዳለው የሚገልጽ ወረቀት ግን ከሳምንት በኋላም አልለጠፉም። ሰው ይህን ዓሣ እንዲለምድ የሚፈልግ ነጋዴ እንዲህ አያደርግም። አንድ ልጅ ከታነቀ በዚያ ቤት ስሙ ዳግመኛ አይነሣም።

የተረፈውን ፊሌቶ ያዳንሁት አባቴ ባስተማረኝ ዘዴ ነው። በስለታም ቢላዋ ቆዳው እስኪቀር ድረስ ጥቅጥቅ አድርጌ ተለተልሁት፣ በጣም በጋለ ዘይት አደረቅሁት። አጥንቶቹ ተቆራርጠው ከዘይቱ ጋር ይንኮሻኮሻሉ፣ ጥርስ ላይ አይታወቁም። ጎኑ ላይ የሚሄደውን ጥቁር ቀይ ሥጋም ቀድማችሁ ቆርጣችሁ አውጡት፤ ጠንካራው ሽታ ያለው እዚያ ነው። በአዋዜ ስንበላው ዝዋይ ዳር ያለሁ መሰለኝ። ያም ሆኖ ለልጆች አልሰጠሁም።

የተፈጨውን ፓውንዱን በሰባት ዶላር ነው የገዛሁት። እዚሁ ሱቅ ካለው ቆሮሶ ይረክሳል፣ ቆሮሶውም በዱለት አይበልጠውም። ለበዓል ብዙ ሰው ለሚጋብዝ ቤት፣ ለማኅበርም ቢሆን፣ ያለ ሥጋት የምመክረው ይህንኑ ነው።

ዓሣ ቤቱን ባለፈው ቅዳሜ ሙሉ ዓሣ እንዲያመጡልኝ ጠይቄአለሁ፤ ሳይበለት፣ ራሱም ሳይቆረጥ። አጥንቱን እኔው አወጣለሁ።