ለኮራል ገንዳ የቱ ይሻላል? ሁለቱ ዱቄት፣ የኖራ ውሃ ወይስ ሪአክተር

እዚህ ሜሪላንድ የኮራል ገንዳ (ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳ የሚያድግበት የጨው ውሃ ገንዳ) የጀመሩ ወዳጆቼ ካልሲየምና አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) እንዳይጎድል ለመጠበቅ ምን እንደሚገዙ ደጋግመው ይጠይቁኛል። መልሴ አንድ ነው፦ ቤኪንግ ሶዳና ካልሲየም ክሎራይድ በዱቄት ግዙ፣ ቤታችሁ ለየብቻ በውሃ በጥብጡት።

ኮራል አጽሙን ሲሠራ ሁለቱን በተመጣጠነ ልክ ይወስዳል። በሊትር 20 ሚሊግራም ካልሲየም ሲቀንስ አልካሊኒቲ በ2.8 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ ነው) ይወርዳል። የእኔ ገንዳ 200 ሊትር ነው፤ በቀን 1.4 ዲኬኤች ይበላል። ይህን የሚተካው 8.4 ግራም ሶዳ ነው። ስለዚህ በ14 ዶላር የገዛሁት 6 ኪሎ ከረጢት ሁለት ዓመት ገደማ ያደርሰኛል። ተበጥብጠው የሚሸጡትን ሁለት ባለ አንድ ሊትር ጠርሙሶች ግን በ30 ዶላር ገዝቼ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞሉም። አብዛኛው የከፈልኩበት ውሃ ነበር! ቤኪንግ ፓውደር እንዳትገዙ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ሌላ ነገር ነው።

የኖራ ውሃም ርካሽ ነው፤ ፒኤችንም ከፍ ያደርጋል፤ ማለትም የውሃውን አሲድነት ይቀንሳል። የግድግዳ ኖራ ሳይሆን ለምግብ ማቆያ የሚሸጠው ንጹሕ ኖራ ነው የሚያስፈልገው። ችግሩ በትነት የጎደለውን ያህል ብቻ መጨመር መቻሉ ነው። ከገንዳዬ በቀን 2 ሊትር ይተናል፤ ሁለት ሊትር የጠገበ የኖራ ውሃ ደግሞ አልካሊኒቲን የሚያነሣው በ1.1 ዲኬኤች ገደማ ነው። አይበቃኝም። ጥቂት ኮራል ላለው ጀማሪ ግን ይበቃል።

ሪአክተር በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የካልሲየም ድንጋይ እያሟሟ ወደ ገንዳው የሚልክ መሣሪያ ነው፤ ከነጋዙ ጠርሙስ ከ600 ዶላር በታች አላገኘሁም። ፒኤችንም ያወርዳል። በድንጋያማ ኮራል ለተሞላ ትልቅ ገንዳ ካልሆነ አልመክረውም።

የተበጠበጠውን በየቀኑ እየለካ ወደ ገንዳው ለሚጨምረው ፓምፕ ግን አትሰስቱ። እኔ በ38 ዶላር የታወቀ ፓምፕ አስመስለው የሠሩትን ገዛሁ። በአምስተኛው ወር ቱቦውን የሚጨምቁት መንኮራኩሮች ላልተው ቱቦውን መዝጋት አቃታቸው፤ ከገንዳው በላይ ያስቀመጥኩት የሶዳ ጠርሙስ በአንድ ሌሊት ተንጠፍጥፎ ገባ። ጠዋት ውሃው ወተት መስሎ አገኘሁት። አክሮፖራ ከሚባሉት ድንጋያማ ኮራሎች ሦስቱ ሥጋቸው ተገፎ ሞቱ፤ አንዱን ከአውራ ጣት ከማይበልጥ ቁራጭ ነበር ያሳደግኩት። ሻጩን መለዋወጫ ቱቦ ብጠይቀው የለም አለኝ፤ ፓምፑን ተከፍቶ የሚጠገን አድርገው አልሠሩትም። አሁን ያለኝ 140 ዶላር ፈጅቷል፤ ቱቦው ለብቻው በ8 ዶላር ይገኛል፣ በየዓመቱ እቀይረዋለሁ። ጠርሙሶቹን ከገንዳው በታች አስቀምጣለሁ፤ የቱቦው ጫፍ ውሃውን አይነካም፤ ከአንድ ሳምንት በላይ የሚበቃም አልሞላም።

140 ዶላር ለጊዜው የከበደው ሰው የ38 ዶላሩን ከሚገዛ በእጁ ይጨምር፦ ሶዳውን ጠዋት፣ ካልሲየሙን ማታ፣ ውሃው በኃይል በሚፈስበት በኩል። አንድ ላይ ካፈሰሳቸው ነጭ ደለል ሆነው ይወርዳሉ።