ደሴ ላይ ኮምፒውተር ለሚገዙ፦ የትኛው ሶፍትዌር ለየትኛው ሥራ?

ደሴ ፒያሳ ላፕቶፕ ሲጠይቁ ሻጩ ራሙንና ሃርድ ዲስኩን ይዘረዝርልዎታል፤ ሶፍትዌሩን ግን «ሁሉም ተጭኖለታል» ብሎ ያልፈዋል። ገዢ ሁሉ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል፤ ሥራዎን የሚሠራልዎ የተጫነው ነገር ነውና።

ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ?

ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ ለገንዘብና ለሰነድ ሥራ አልመርጠውም። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጂቢ ራም፣ 64 ጂቢ ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ኢንቴል ከሆነ ፕሮሰሰሩ ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ የወጣ ይሁን። በ4 ጂቢ ይጫናል እንጂ አይፈጥንም፤ 8 ይፈልጉ። ማሽኑ ለዚህ ካልበቃ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሥርዓት አለ፤ ነፃ ነው፣ በ4 ጂቢ ራም ደህና ይሠራል። ሊኑክስ ሲባል የሚሸሹ አሉ፤ አብሽሩ፣ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ቶሎ ይለመዳል። ፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌር) ወይም ፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ) ለሚፈልግ ግን አልመክርም፤ ሁለቱም የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው።

ማይክሮሶፍት ኦፊስ ወይስ ሊብሬኦፊስ?

ወሎ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ወይም ከመሥሪያ ቤት ጋር ፋይል የሚለዋወጥ ሰው ወርድን ይያዝ። ሊብሬኦፊስ የወርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፤ ነገር ግን ሠንጠረዥና የገጽ አሰላለፍ አልፎ አልፎ ይዛባል። ለግል ሥራ ግን ይበቃል፣ ገንዘብም አያስከፍልም። ክራክ ከተደረገ (ሳይከፈልበት ቁልፉ ከተሰበረ) ኦፊስ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ፤ ከክራኩ ጋር ምን ቫይረስ እንደገባ የሚያውቅ የለም።

የአማርኛ መጻፊያው

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ውስጡ የተቀመጠው በላቲን ፊደላት ኮድ ነው። ደሴ ላይ አምሮ የታየው ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት የወልዲያ ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ይሆናል። ግዕዝ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ኮድ የሚሰጥ ሥርዓት) ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም ነበር። ፓወር ግዕዝ ከተጫነልዎ በዩኒኮድ እንዲጽፍ ያስተካክሉት። ኪማን የሚባለው መጻፊያ ነፃ ነው፣ በዩኒኮድ ይጽፋል፣ ስልክ ላይም ይሠራል፤ አዲስ ለሚጀምር የምመክረው እሱን ነው።

ለሒሳብ፦ ኤክሴል ወይስ ፒችትሪ?

ለቅሬ (ለዕድር) መዋጮም ሆነ ለአንድ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ኤክሴል ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። 30/6/2017 ብለው የየካቲትን መጨረሻ ቢጽፉ ኮምፒውተሩ ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ ከተስተካከለ እንደ ጁን 30 ይወስደዋል፤ 30/2/2017ን ደግሞ እንደ ቀን አይቀበለውም፤ የጳጉሜን 13ኛ ወርም የለውም። ከዚያ በቀን ቅደም ተከተል ሲደረድሩት ይተራመሳል። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መጻፍ ይሻላል።

ፒችትሪ (አሁን ስሙ ሴጅ 50 ነው) ኮምቦልቻ ውስጥ መጋዘን ላለው፣ ዕቃ በብዛት ለሚያስገባና ለሚያስወጣ ነጋዴ ነው። የዕቃ ክምችትንና ሒሳብን አንድ ላይ ይይዛል፤ ነገር ግን የሒሳብ ትምህርት ያለው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ከሌለ አይግዙት።

ጸረ-ቫይረስ ለብቻው መግዛት ግድ አይደለም፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር በየጊዜው ከታደሰ ይበቃል። ባነር ለሚያትም ፎቶሾፕ፣ ፎቶ ለማስተካከል ብቻ ለሚፈልግ ነፃው ጂምፕ ይሆናል።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ፊት ለፊት አንድ ገጽ አማርኛ ጽፈው በፍላሽ ያስቀምጡና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱት። ፊደሉ ከተበላሸ፣ እዚያው እያሉ መጻፊያውን ያስቀይሩ።