ለሴቪያው አጨብጫቢ ትልቅ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ስፔን፣ ሴቪያ፣ ፕላሳ ዴ እስፓኛ አደባባይ ላይ ፍላሜንኮ፣ ማለትም በጊታር፣ በዘፈን፣ በዳንስና በጭብጨባ የሚደምቀውን የስፔን ባህላዊ ጥበብ፣ ለሚያቀርቡት ባለሙያዎች ነው። በተለይ ደግሞ ጥግ ይዘው ለሚያጨበጭቡት አዛውንት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ሳታዩአቸው እንዳትመለሱ።

እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ይዣት ሄጄ ነበር። ሴቪያ በሐምሌ እሳት ናት፤ 40 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ቀኑን ቤት ዋልንና አመሻሽ ላይ ወጣን። በዚያ ወቅት ጸሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሆነ ማንም አይቸኩልም።

አደባባዩ እ.ኤ.አ. በ1929 ለተካሄደ ኤግዚቢሽን የተሠራ ነው። ግማሽ ክብ የሆነ ግዙፍ ሕንፃ ነው፤ ድልድዩ፣ በቀለም ያበደው ሸክላው፣ ሁሉም ያምራል። እኛን ግን ከመሃል ባሉት ቅስቶች ስር የሚሰማው ጊታር ጎተተን። አንድ ጊታር ተጫዋች፣ አንዲት ዘፋኝ፣ አንዲት ዳንሰኛ፣ አንድ አጨብጫቢ። ማይክ የለም፣ መድረክ የለም። መሬት ላይ የተነጠፈ ጣውላ ብቻ ነው፤ እሱም መሃሉ ተፍቆ ነጥቷል። የዳንሰኛዋ ጫማ አፍንጫውና ተረከዙ ላይ ምስማር ተመቶበታል። ስትረግጥ ድምፁ ደረት ላይ ያርፋል።

እማዬ ጉልበቷን ያማታል። አንዴ በዚህ እግሯ፣ አንዴ በዚያኛው ስትቆም አጨብጫቢው አዩዋት። ዘፈኑ ሳይቋረጥ፣ ጭብጨባውም ሳይቆም ብድግ አሉና በአገጫቸው ወንበራቸውን አሳዩዋት። «ኧረ አይሆንም» ብትል ማን ሰምቷት! እሷ ተቀመጠች፣ እሳቸው እስከ መጨረሻው ቆመው አጨበጨቡ። ይህን መቼም አልረሳላቸውም።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከእጃቸው ላይ አልተነሳም። ዘፋኟ ስታንጎራጉር መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው ድፍን ያለ ድምፅ ያወጣሉ። ዳንሰኛዋ ስትግል በጣቶቻቸው መዳፋቸውን ይመቱና ጥርት ያለ ድምፅ ይወጣል። ሌሎቹ እሳቸውን ሰምተው ነው የሚሄዱት። ፍላሜንኮን ያለ ጭብጨባ አስቡትና ምን እንደሚቀር ንገሩኝ።

በእረፍት ላይ እማዬ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። የኔ ስፓኒሽ ከሰላምታ አያልፍም፤ እሳቸው ግን በጣት እየቆጠሩ አስረዱን። ሶሌያ የሚባለው ዜማ ምቱ አሥራ ሁለት ነው። ጠንከር የሚለው ሦስት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር እና አሥራ ሁለት ላይ ነው። መጀመሪያ በሦስት በሦስት ይሄድና በድንገት በሁለት በሁለት ይሆናል። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን በዝግታ ስታጨበጭብ የኖረች ናት፤ ስድስት ድረስ አልከበዳትም፣ ስምንቱ ላይ ግን ትዘገያለች። እሳቸው አልሰለቹም። የወንበሩን ጠርዝ በጣታቸው እየመቱ ደጋገሙላት። ስታገኘው «ኦሌ!» ብለው ጮኹ፣ ጊታር ተጫዋቹም ተቀበላቸው። እማዬ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።

ዩኔስኮ ፍላሜንኮን እ.ኤ.አ. በ2010 የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ደስ ይላል፣ ግን ቅርሱን በእጃቸው ይዘው የሚውሉት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ቲኬት ተቆርጦ የሚገባበት ቤትም አለ፣ መጥፎ ነው አልልም። እኔ ግን ለወላጅ የምመርጠው ይህንን ነው።

ስትሄዱ አብራችሁ አታጨብጭቡ፤ ምቱ ይበላሽባቸዋል። ደስ ሲላችሁ «ኦሌ» በሉ፣ እሱን ይወዱታል። ቪዲዮ ቀርፆ እብስ ማለትም ነውር ነው። ዝርዝር ዩሮ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ ባርኔጣው ሲዞር ደግሞ እጃችሁ አይጠር። ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ በነፍስ ወከፍ አስባችሁ ስጡ፣ ይገባቸዋል።