ጣና ላይ በምን፣ መቼ፣ ወዴት? የባሕር ዳር የውሃ ላይ መዝናኛዎች ሲመዘኑ

ባሕር ዳር ላይ ጀልባ የሚከራይ ሰው አፉን የሚከፍተው በዋጋ ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን ሰዓቱን ነው። ጣና ከሰሜን ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የተዘረጋ፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ነው። ከተማዋ ያለችው ደቡብ ጫፍ ላይ ነው። ፀሐዩ ከበረታ በኋላ ነፋሱ ከሰሜን ሲነሳ ማዕበሉ ያን ሁሉ ርቀት እየጎለበተ መጥቶ የሚያርፈው እዚሁ ዳርቻ ላይ ነው። ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ትንሽ ጀልባ አንዱን ተሻግራ ሳትረጋጋ ሌላው ይመታታል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ግን አብዛኛውን ጊዜ ፀጥ ይላል። «ከሰዓት በኋላ ይሻላችኋል፣ ይቀዘቅዛል» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ጠዋት ጀልባዋ በሌላ ሰው ተይዛለች ማለት ነው።

ወቅቱንም ማየት ነው። ሌላ አገር የውሃ ስፖርት በሚደራበት በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ጎጃም ክረምት ላይ ናት። ዝናቡ ይቅርና መብረቁና ድንገተኛው ነፋስ ብቻውን ክፍት ውሃ ላይ ለመቆየት አያስመኝም። ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ነው። ጥቅምት ላይ ሐይቁ ሙሉ ስለሆነ ጀልባ እስከ መውረጃው ድንጋይ ድረስ ትጠጋለች። ግንቦት መጨረሻ ላይ ውሃው ሲጎድል ዳር ዳሩን ድንጋይ ስለሚያገጥጥ ሞተሩን ከፍ አድርጎ ቀስ ብሎ መግባት ያስፈልጋል።

የሞተር ጀልባ በየሎጁና በየመነሻው አለ። ወደ ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ገዳማት እዚያው ናቸው። ክብራን ገብርኤል ቅርብ ቢሆንም ሴት አይገባበትም፤ ሩቁ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ይህን ሳይነግሩ ቤተሰብ ጭነው የሚሄዱ አሉና ሳትሳፈሩ ጠይቁ። ዋጋ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ ለጀልባዋ እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም፤ ስለዚህ ሰው ሰብስቦ መካፈል ያዋጣል። አስቀድሞ በግልጽ መነጋገር የሚያስፈልገው ስለ ሦስት ነገር ነው፦ የትኞቹ ገዳማት እንደሚጎበኙ፣ ጀልባዋ ስንት ሰዓት ቆማ እንደምትጠብቅ፣ ቤንዚኑ በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑ። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው የሚከፈል ነው።

ላይፍ ጃኬት «አለ» ሲባል አውጥታችሁ እዩት። ወንበር ሥር ታጭቆ የከረመ ጃኬት ውስጡ ያለው ስፖንጅ ተጨፍልቆ ሳስቶ ይገኛል፤ እንዲህ ያለው ሰው አያንሳፍፍም። ልበሱት፣ መቆለፊያዎቹን በሙሉ ዝጉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ከትከሻው ላይ ወደ ላይ ይሳበው። እስከ ጆሮ ከወጣ ሰፍቷችኋል፤ ውሃ ውስጥ ከአንገታችሁ ይወልቃል። ለልጅ የትልቅ ሰው ጃኬት አጥብቆ ማሰር መፍትሔ አይደለም። የልጅ ከሌላቸው ሌላ ጀልባ ፈልጉ።

ሞተሩ ሲነሳ ከኋላው በቀጭኑ የሚፈስ ውሃ አለ። ያ ሞተሩን የሚያቀዝቅዘው ውሃ ነው። ደንገልና ሣር በበዛበት ቦታ የሞተሩ ውሃ መሳቢያ ሲደፈን ፈሳሹ ይቀጥናል፣ ከዚያ ይቆማል፤ ያኔ ሞተሩን ወዲያው አጥፍቶ ሣሩን ማስወጣት እንጂ «ይደርሳል» ብሎ መንዳት ሞተሩን ያቃጥላል። ሌላው ችግር የአሳ መረብ ነው። ውሃ ላይ በሰልፍ የተንሳፈፈ ሃይላንድ ካያችሁ ሥሩ መረብ ሊኖር ይችላል፣ በዚያ ላይ ማለፍ ፕሮፔለሩን ያሳስራል፣ የአሳ አጥማጁንም እንጀራ ይበጥሳል። ጥሩ ጀልባ ነጂ ሳይነገረው ዞሮ ያልፋል። መጠባበቂያ መቅዘፊያ የሌላት ጀልባ ላይ ግን አትውጡ።

ለእኛ ጣና ላይ ገንዘብ የሚወጣበት ምርጡ ነገር ታንኳ ነው፤ የሚያስተዋውቀው ስለሌለ ብዙ እንግዳ ያልፈዋል። ታንኳ ከደረቀ ደንገል እየታሰረ የሚሠራ ነው። እንደ ጀልባ ውሃ አግዶ ሳይሆን ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው የሚንሳፈፈው፤ ስለዚህ ውሃ ሥር ሥሩን መግባቱ አያስደነግጥም፣ ቂጥ ይረጥባል እንጂ። ችግሩ ደንገሉ ውሃ መጥጦ ሲከብድ ነው። ጥሩ ታንኳ ከላይ የገለባ መልክ ያለው፣ ሲያነሱት ቀለል የሚል፣ ቀኑን ሠርቶ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚደርቅ ነው። ሥሩ ጠቁሮ በአውራ ጣት ሲጫኑት ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጊዜው አልፏል፤ ሁለት ሰው ከወጣበት ጠርዙ ከውሃው እኩል ይሆናል።

አቀማመጡ መሃል ላይ፣ ዝቅ ብሎ ነው። መቆም የለም፤ ፎቶ ለማንሳት መቆምም ያው መቆም ነው። የቀርከሃውን መቅዘፊያ መሃሉን ይዞ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ መቅዘፍ ነው። ጀማሪ በአንድ ወገን ደጋግሞ ስለሚቀዝፍ ባለበት ይዞራል። መጀመሪያ ባለሙያው ይዟችሁ ይውጣ፣ ዳሩን ከለመዳችሁ በኋላ እናንተ ቅዘፉ። ከዳር ከ100 ሜትር በላይ አለመራቅና ከ4 ሰዓት በፊት መመለስ ነው። ላይፍ ጃኬት ታንኳ ላይ የተለመደ ስላልሆነ ከጀልባ ቤት ተከራይታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

የራሳቸውን ካያክ (ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ) ወይም በአየር የሚሞላ፣ ላዩ ቆመው የሚቀዝፉበት ቦርድ ከአዲስ አበባ ጭነው የሚመጡም አሉ። ቦርዱን ጠዋት በብርድ ጢም አድርጎ ሞልቶ ቀትር ፀሐይ ላይ መተው ስፌቱን ያስለቅቀዋል፤ አየሩ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራልና። ከውሃ ስታወጡት ጥቂት አስተንፍሱትና ጥላ ሥር አኑሩት። የተቆረጠ ደንገል ጉቶና የግራር እሾህ ባለበት ዳርቻ አትጎትቱት፣ ተሸከሙት። ካያክ ከተገለበጠ ጀልባው ላይ ተንጠልጥሎ ጉልበት መጨረስ አያስፈልግም። ቀና አድርጉት፣ በጎኑ ሆናችሁ የወዲያኛውን ጠርዝ ያዙ፣ እግራችሁን ውሃው ላይ እየመታችሁ በሆዳችሁ ተንሸራታችሁ ውጡበት፣ ከዚያ ዞራችሁ ተቀመጡ። ይህን ዳር ላይ ሳይለማመዱ መራቅ አይገባም።

ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ፣ በደብረ ማርያም በኩል፣ ለመቅዘፍ የሚያምር ቦታ ነው፤ ጉማሬም ያለው እዚያው ነው። በሞተር ጀልባ ከሆነ ቢያንስ 50 ሜትር፣ በታንኳና በካያክ ደግሞ 100 ሜትር ርቃችሁ እለፉ። ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ጥልቁ ነው፤ በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል የገባ ሰው መንገዱን ዘግቶበታል። ሌሊቱን ሣር ሲግጥ አድሮ ማለዳ ስለሚመለስና አመሻሽ ላይ ስለሚወጣ፣ እዚያ ለመድረስ ፀሐይ ወጣ እስክትል መጠበቅ ይሻላል። እዚያው መውጫው ላይ ወዳለው የጨራጨራ ግድብ በሮች ደግሞ በምንም አይቀረብም፤ ከላይ ሲያዩት የተኛ የመሰለው ውሃ ከሥር ይስባል።

ዋና? ሐይቁ ውስጥ አንመክርም። በቆዳ በኩል የሚገባ ጥገኛ ትል የሚያመጣው ቢልሃርዚያ የተባለ በሽታ ጣና ላይ አለ። ጥገኛ ትሉን የምትሸከመው ቀንድ አውጣ የምትኖረው ዳር ዳሩን፣ ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው፤ ትሉ በብዛት የሚለቀቀው ደግሞ ፀሐይ በሚበረታበት ሰዓት ነው። ይኸውም ሰው መዋኘት የሚያምረው ቦታና ሰዓት መሆኑ ነው። መዋኘት ለፈለገ የሆቴል ገንዳ አለ። ከጀልባ ስትወርዱም ውሃ ውስጥ ከመርገጥ ድንጋዩ ላይ እንዲያወርዷችሁ ጠይቁ። ከረጠባችሁ ሳትቆዩ በደረቅ ፎጣ አጥብቃችሁ ጥረጉ። ውሃ ውስጥ የቆየ ሰው ስሜት ባይኖረውም ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ቢመረመር ይሻለዋል፤ ቀደም ብሎ ቢመረመር እንቁላሉ ገና ስለማይታይ ውጤቱ ያሳስታል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ መጠኑም በክብደት ይወሰናል።

ከ1,780 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆናችሁ አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም ፀሐዩ ያቃጥላል። ረጅም እጅጌና ባለማሰሪያ ባርኔጣ ያዙ፤ ማሰሪያ የሌለውን ነፋሱ ይወስደዋል። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ጢስ ዓባይ ላይ ያለው የጀልባ ማሻገሪያ ደግሞ አጭር ነው፤ ለእሱ ብቻ ብሎ የሚኬድበት አይደለም፣ ለፏፏቴው ሲኬድ ግን በእግር ከሚዞሩት ያሳጥራል።