ለአንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ ምስጋና

እህቶቼ፣ ስለ ማህፀን ፈሳሽ በአደባባይ መጻፍ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ግን የማመሰግናት ሰው አለችኝ።

ፈሳሽ፣ ማሳከክ፣ ሽንት ስሸና ማቃጠል፤ ለወራት አልለቅ አለኝ። የምሄድበት ክሊኒክ "ፈንገስ ነው" እያለ ክሬም ይሰጠኛል። ትንሽ ተግ ይላል፣ ከዚያ ያው በሽታ። ናሙና ወስዶ ያየልኝ ግን አልነበረም።

በመጨረሻ ሰፈራችን ወዳለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተሯ ናሙናውን ስትወስድ የላብራቶሪ ባለሙያዋ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ተቀብላት እየሮጠች ገባች። ስላይድ ላይ ከጨው ውሃ ጠብታ ጋር ቀላቅላ ወዲያው ማይክሮስኮፕ ስር አስገባችው። ቆይታ "ነይ እይው" አለችኝ። አቮካዶ የመሰለ ነገር እየተንቀጠቀጠ ይሽከረከራል። ትሪኮሞናስ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ተውሳክ!

ለምን እንደምትሮጥ ስጠይቃት አስረዳችኝ። ተውሳኩ በማይክሮስኮፕ የሚታወቀው በእንቅስቃሴው ነው። ናሙናው ከቆየና ከቀዘቀዘ መንቀሳቀሱን ያቆማል፤ ያን ጊዜ ከነጭ የደም ሴል ለመለየት ያስቸግራል፣ "ኔጌቲቭ" ተብለሽ ትመለሻለሽ። ከ10 ደቂቃ በላይ ባይቆይ ይመረጣል አለችኝ። ስንቱ ላብራቶሪ እንዲህ እንደሚሮጥ እንጃ!

ደግሞ አትኩራራም። "እኔ ባላየውም የለብሽም ማለት አይደለም፤ በማይክሮስኮፕ ብዙ ያመልጠናል። የተውሳኩን ዘረመል የሚፈልገው ፒሲአር የሚባል ምርመራ ይሻላል፣ እኛ ጋ ግን የለም" አለች በግልጽ።

ሐኪሙ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ፣ ለ7 ቀን አዘዘልኝ። ባለቤቴም አብሮ መታከም ነበረበት። እሱ ምንም ስላልተሰማው "እኔ ጤነኛ ነኝ" ብሎ አኮረፈ። ቀጥሎ ደግሞ "ማን አመጣው?" የሚለው ጭቅጭቅ መጣ። ያበረደችልን እሷ ናት። ወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት እንደማያሳይ፣ ሰውነት ውስጥም ሳይታወቅ ለወራት አልፎም ለዓመታት ሊቆይ እንደሚችል፣ ስለዚህ ምርመራው ማን መጀመሪያ እንደያዘው እንደማይናገር ቁጭ አድርጋ ነገረችን። ሥራዋ እኮ አልነበረም። ባለቤቴ መድኃኒቱን ዋጠ፣ እኔም ተሻለኝ። ዳግም ሊይዝ ስለሚችል በ3 ወሬ ተመልሼ ታየሁ፣ ነፃ ነኝ።

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ጤና ጣቢያውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ውስጣችሁን በውሃ ታጥባችሁ አትሂዱ፣ ናሙናውን ያበላሻል። እርጉዝ ከሆናችሁ ደግሞ አታዘግዩት፤ ይህ ተውሳክ ያለ ጊዜ ከመውለድ ጋር ይያያዛል።