ሽሮፑ፣ ኦሜፕራዞሉ ወይስ የሦስቱ ጥምር? የጨጓራ መድኃኒቶች ንጽጽር

«የጨጓራ መድኃኒት ስጪኝ።» መድኃኒት ቤት ስሠራ ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማው አልቆጥረውም። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ አንድ እጁን ከእንብርቱ በላይ አሳርፎ ነው የሚያናግረኝ። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ? ለወገብ ወይም ለጉልበት ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ይወስዳሉ? ሰገራዎ ጠቁሮ ያውቃል? ጥያቄው የሚያሰለቸው ሰው አለ። ግን «የጨጓራ» የምንላቸው መድኃኒቶች ሥራቸው ለየቅል ነው። ቶሎ የሚያስታግሰው ቁስሉን አያድንም፤ ቁስሉን የሚያድነው ደግሞ ዛሬ ማታ ላያስታግስ ይችላል።

ቶሎ የሚያስታግሰው ነጩ ሽሮፕ ነው፤ አንታሲድ። አሉሚኒየምና ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ተቀላቅለውበታል፤ የሚታኘክ ክኒንም አለው። ጨጓራ ውስጥ ያለውን አሲድ በደቂቃዎች ውስጥ ኃይሉን ይሰብረዋል። በባዶ ሆድ ከተወሰደ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ያልቃል፤ ምግብ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲወሰድ እስከ ሦስት ሰዓት ይቆያል። አልፎ አልፎ ለሚነሳ ቃር ይበቃል፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ለቃር በቅድሚያ የሚሰጣት ይኸው ነው። ማግኒዥየሙ ሊያስቀምጥ፣ አሉሚኒየሙ ሊያደርቅ ይችላል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይግዛው። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ዶክሲሳይክሊን ወይም የደም ማነስ አይረን የሚወስድ ሰው ደግሞ እነዚህን ከሽሮፑ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይውሰድ፤ ሽሮፑ መድኃኒቶቹን ይዞ እንዳይመጠጡ ያደርጋቸዋል።

ኦሜፕራዞል ሥራው ሌላ ነው። የተመረተውን አሲድ አይነካም፤ አሲድ የሚረጨውን የሴሎቹን ፓምፕ ይዘጋል። ፓምፑ በደንብ የሚሠራው ምግብ ሲመጣ ስለሆነ መድኃኒቱ ቀድሞ ደም ውስጥ መገኘት አለበት። ስለዚህ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዋጣል። አንድ አባት «ይሄ ነገር እኔን አልያዘኝም፣ ውዱን ስጪኝ» ብለው መጡ። እንዴት እንደሚወስዱት ስጠይቃቸው ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ፣ ያመማቸው ቀን ብቻ ነበር። ሰዓቱን አስተካክለው በየቀኑ ሲወስዱት ያው ርካሹ ኦሜፕራዞል ያዛቸው። ሙሉ ኃይሉን ለማግኘት ከሦስት እስከ አራት ቀን ይፈልጋል፤ በመጀመሪያው ቀን «አይሠራም» ብለው አይጣሉት። ካፕሱሉ ውስጥ ያሉትን ፍሬዎችም አያኝኩ፤ ሽፋናቸው ከአሲዱ የሚጠብቃቸው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጾሙን በካፕሱሉና በውሃ ፈትቶ ምግቡን ግማሽ ሰዓት ቢያቆየው ጥሩ ነው።

ኢሶሜፕራዞልና ፓንቶፕራዞል የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ለተራ ጨጓራ ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ ገንዘብ ካጠረ በኦሜፕራዞል አይቆጩ። ለልብ ክሎፒዶግሬል የሚወስድ ሰው ግን ለፓንቶፕራዞል ጨምሮ ቢከፍል ይሻለዋል፤ ኦሜፕራዞል የክሎፒዶግሬልን ኃይል ይቀንሰዋል። በእነዚህ መድኃኒቶች የአንጀት መጀመሪያ ቁስል በ4 ሳምንት፣ የጨጓራው እስከ 8 ሳምንት ድረስ ይድናል። ሐኪም ሳያየው ለዓመታት መዋጥ ግን ቫይታሚን ቢ12 እና ማግኒዥየም ሊያጎድል ይችላል።

ፋሞቲዲን በሽሮፑና በኦሜፕራዞሉ መካከል ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ሌሊቱን ይይዛል፣ በተለይ ሌሊት ለሚቀሰቅሳቸው ይመቻል። በየቀኑ ሲወሰድ ግን ሰውነት ስለሚለምደው ኃይሉ ይቀንሳል። ሲሜቲዲን የዚያው ወገን ቢሆንም ደም ከሚያቀጥነው ዋርፋሪንና ለሚጥል በሽታ ከሚሰጠው ፌኒቶይን ጋር ይጋጫል። ራኒቲዲን ቤትዎ ካለ ይተዉት፤ ኤንዲኤምኤ የተባለ ለካንሰር የሚያሰጋ ነገር ስለተገኘበት እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከገበያ እንዲወጣ ጠይቋል። ሱክራልፌት ቁስሉን እንደ ፕላስተር ይሸፍናል፤ በቀን አራት ጊዜ በባዶ ሆድ መውሰዱ ግን ብዙ ሰው ያሰለቻል።

አሁን ዋናው ነገር። በርበሬና ጭንቀት ያባብሱት ይሆናል እንጂ አብዛኛውን የጨጓራ ቁስል የሚያመጡት ሁለት ናቸው፦ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እንደ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ያሉት የሕመም ማስታገሻዎች። ባክቴሪያውን ያገኙት ማርሻልና ዋረን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል የተሸለሙት ያለ ነገር አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ይመላለስ የነበረው ቁስል በአንቲባዮቲክ የሚድን ሆነ። ምርመራው ባክቴሪያው አለ ካለ፣ ሽሮፕም ኦሜፕራዞልም ብቻቸውን አያጠፉትም።

ባክቴሪያውን ለማጥፋት የተለመደው የሦስት መድኃኒት ጥምር ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም፣ አሞክሲሲሊን 1 ግራምና ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው። ለ14 ቀን ከታዘዘ 28 ኦሜፕራዞል፣ 56 ባለ 500 አሞክሲሲሊንና 28 ክላሪትሮማይሲን ሆኖ ይወጣል፤ ከመውጣትዎ በፊት ይቁጠሩት። ክላሪትሮማይሲኑ ውድ ስለሆነ «ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ደመወዝ ሲመጣ» የሚሉኝ አሉ። እባክዎ እንዲህ አያድርጉ። በመሐል የተቋረጠ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ያለማምደዋል፤ ቀጣዩ ሕክምና ይከብዳል። ገንዘቡ እስኪሞላ ሽሮፕ እየወሰዱ ቆይተው ሁሉንም በአንድ ቀን መጀመር ይሻላል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ በአሞክሲሲሊን ፈንታ ሜትሮኒዳዞል ይታዘዝለታል። በሜትሮኒዳዞል ጊዜ ጠጅም ጠላም አረቄም አይቀመስም። አፍ ብረት ብረት ካለ ከመድኃኒቱ ነው፣ አያቁሙት።

ማስታገሻ ለሚወስዱት የምመክረው ከማንኛውም ሽሮፕ ይቀድማል፦ ዳይክሎፌናኩን በፓራሲታሞል መተካት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ።

እንደ ሬንጅ የጠቆረ የሚያጣብቅ ሰገራ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ ምግብ ለመዋጥ መቸገር፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካለ ግን ምንም አልሸጥም፤ ቀጥታ ሆስፒታል ነው የምልከው። አይረን የሚወስዱ ሰዎች ሰገራም ይጠቁራልና ያንን ለሐኪሙ ይንገሩት።

ጥምሩን የጨረሰ ሰው ባክቴሪያው መጥፋቱን በሰገራ አንቲጅን ምርመራ (የባክቴሪያውን ምልክት ሰገራ ውስጥ የሚፈልግ ነው) ያረጋግጥ። የደሙ ምርመራ ከዳኑም በኋላ ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። ከመጨረሻው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ከመጨረሻው ኦሜፕራዞል ደግሞ 2 ሳምንት ማለፍ አለበት፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። በዚያ መሐል ቃር ቢነሳ ነጩን ሽሮፕ መውሰድ ይቻላል።