የእናቴን አረንጓዴ ደብተር ላስነበቡኝ መምህር

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ልጆቻችሁን ዩኒቨርሲቲ የላካችሁ ወላጆችም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ አይወዱም። እኛ ተማሪዎቻቸው «ጋሼ» ነው የምንላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

ጋሼ በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ለረጅም ዘመን በዳኝነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጠባሴ ባለው ቤታቸው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ያስጠናሉ። የሚያስጠኑት ሕግን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሕግና ፖለቲካ፣ ፖለቲካና የሰው ኑሮ እንዴት እንደተጋመዱ ነው የሚያሳዩት።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ የሕግ ተማሪ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ጎበዝ የሆንኩ የሚመስለኝ ቁጥር በመሸምደዴ ነበር። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ከነንዑስ አንቀጾቹ እወርደው ነበር። ታዲያ አንድ ሚድ ፈተና ላይ «ይህ ድንጋጌ ለምን አስፈለገ?» የሚል ጥያቄ መጣና ወረቀቱን ግማሹን ባዶ መለስኩ። ዶርም ገብቼ አለቀስኩ። ከእኔ በላይ የምትማር አንዲት ልጅ እጄን ይዛ ጋሼ ቤት ወሰደችኝ።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አላስተማሩንም። «አገር ቤት ደርሳችሁ ስትመለሱ፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ» አሉን፤ በቃ። እኔ የእናቴንና የአባቴን የመሬት ይዞታ ደብተር፣ አረንጓዴውን ደብተር ይዤ መጣሁ። እናቴ በሁለት ፌስታል ጠቅልላ ከሳጥን ሥር ነው የምታስቀምጠው። ስትሰጠኝ «ነፍሴን ይዘሽ እንደሄድሽ ቁጠሪው» አለችኝ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ፎጣ አንጥፈው ደብተሩን ከላዩ አኖሩት።

ገጹ ላይ ሁለት ፎቶ አለ፤ የአባቴና የእናቴ፣ ጎን ለጎን። «እናትሽ ከዚህ በፊት ፎቶ ተነስታ ታውቃለች?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ደውዬ ጠየቅኋት። የመጀመሪያዋ እንደነበር፣ ነጠላውንም ከጎረቤት ተውሳ እንደተነሳች ያን ቀን ነገረችኝ። «ይህን ፎቶ እዚህ ማን ለጠፈው?» አሉ ጋሼ። «የወረዳው መሬት አስተዳደር» አልን። «የለጠፈውስ እሱ ነው። እንዲለጠፍ ያደረገውስ?»

ከዚያ ጥያቄ ተነስተን እስኪመሽ ወደኋላ ተጓዝን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት ላይ እኩል መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ግን ከደብተሩ በፊት በ1989 የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ አለ፤ በቀድሞዎቹ መንግሥታት ሥልጣን ነበራችሁ ተብለው «ፊውዳል» እና «ቢሮክራሲ» የሚል ስም የወጣላቸው ገበሬዎች መሬታቸው ተቀንሶ ለሌላው የተሰጠበት። የተቀበለው ደስ አለው፣ የተቀነሰበት አዘነ፤ ሁለቱም ግን «ነገስ ተመልሶ ይለካ ይሆን?» እያሉ ማደር ጀመሩ። ከ1995 ወዲህ የመጣው ምዝገባና ደብተር በዚያ ስጋት ላይ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 31 አለ፤ ከአዋጁ በፊት በ1957 «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ የወጡ፣ እንደ እኛ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። የተማሪ ጩኸት በአሥር ዓመቱ አዋጅ ሆኖ መውጣቱን ሳስብ እስከ ዛሬ ሰውነቴን ይወረኛል።

«እያንዳንዱ አንቀጽ የአንድ ጠብ እርቅ ነው። መጀመሪያ ጠቡን ፈልጉ» ይላሉ ጋሼ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሕጉ ፎቶዋን አስለጥፏል። ቃሏ ይሰማል ወይ የሚለውን ግን ደብተሩ አይነግርሽም፤ ሄደሽ እሷኑ ጠይቂ» አሉኝ። ጠየቅኋት። «አባትሽ ማከራየት ቢያምረው ያለ እኔ ጣት አይሆንለትም» አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ኩራት ከመጽሐፍ አላገኘውም ነበር።

የጓሳንም ነገር ያወቅሁት እዚያው ሳሎን ነው። ጓሳን፣ የመንዙን የጋራ ሣር መሬት፣ ስሄድ ስመጣ አየዋለሁ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያለበት ደጋ ሣር እንጂ የሕግ ጉዳይ አይመስለኝም ነበር። አያቶቻችን ቄሮ በሚሉት የቆየ የሣር አጠባበቅ ሥርዓት ሣሩን ከ3 እስከ 5 ዓመት ዘግተው ያቆዩት ነበር፤ ጠባቂ መርጠው ያስጠብቁታል፣ ሲደርስ አብረው ያጭዱታል። የ1967ቱ አዋጅ ሲመጣ ሥልጣኑ ወደ ገበሬ ማኅበር ሄደ፣ ቄሮም ፈረሰ። እኔ «አዋጁ ሣራችንን አጠፋው» ብዬ ስናገር ጋሼ አስቆሙኝ። «ሣሩ የአባቶቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች ነበር፤ የእነሱ ዘር ያልሆነው ጎረቤትሽ ከዚያ በፊት ሣር የማጨድ መብት ነበረው?» አልነበረውም። ለእሱ አዋጁ ፍትሕ ነበር፤ ለሣሩ ግን ጉዳት ሆነ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ደግሞ ከባድ ነው። ኋላ ሕዝቡ ራሱ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መለሰው፤ ክልሉም በሕግ እውቅና ሰጠው።

የካሳን ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ፤ አጎቴ መሬቱ ለልማት የተወሰደበት ስለሆነ ይሰማኛል። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ስሌቱ የ5 ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ሲባዛ ነበር። በ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ከ3 ዓመቱ ከፍተኛው ገቢ በ15 ይባዛል። ጋሼ ሁለቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉና «ከ10 እስከ 15 ባለው መካከል ማን አለ?» አሉን። መሬትና መፈናቀል ያስነሳው፣ መንግሥትን ያናወጠ የተቃውሞ ዓመታት ነበር ያለው። አጎቴ የተነሳው በፊተኛው ስሌት ነው።

አባቴ መጀመሪያ ጋሼ ቤት ሕግና ፖለቲካ እንደምማር ሲሰማ ደነገጠ። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ይላል፤ ባለፉት ዓመታት ያየነውን አይተን አይፈረድበትም። መንገድ ተዘግቶ አገር ቤት መግባት ባቃተን ጊዜ ስጋቱ ባሰበት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ራሳቸው ደወሉለት። ማንንም ደግፉ፣ ማንንም ንቀፉ እንደማይሉ፣ የፓርቲ ነገር ከቤታቸው ደጃፍ እንደማይገባ አስረዱት። ዛሬ አባቴ ራሱ ነው «ቅዳሜ ቀረሽ እንዴ?» የሚለኝ።

ችሎትም ይወስዱናል። ዳኛውን ብቻ እንድናይ ግን አይፈልጉም። አንድ ቀን የባልና ሚስት ክርክር ልንሰማ ገብተን፣ ጥቂት ቆይተው ወደ ግቢው አወጡን። ከዛፉ ሥር አግዳሚ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ለሌላ ባለጉዳይ እርቅ ይዘዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ በአንቀጽ 3347 ልማዳዊውን ሕግ ወደ ጎን አድርጎት ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ በሩን መልሶ ከፈተ። በሩ ተዘግቶም ተከፍቶም፣ ሽማግሌዎቹ አግዳሚውን ለቀው አያውቁም።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይህ ነው። አንደኛ ዓመት ላላችሁ በተለይ፤ ሕግ ባትማሩም ሂዱ። ከእኛ ጋር የግብርናና የጤና ተማሪዎች አሉ፤ ጥሩ ጥያቄ የሚጠይቁትም ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ለፈተና የሚሆን ሾርት ኖት የምትፈልጉ ከሆነ ግን እዚያ አታገኙትም። ሰዓት ይከበራል፤ አርፍዶ የመጣ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ። ክፍያው በወር ነው፤ መክፈል ያልቻለ ተማሪ ተመልሶ ሲሄድ ግን አላየሁም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ደብተሩ በሰላም ወደ ሳጥኑ ተመልሷል። እናቴ የገብስ ቆሎ ልካለች፤ ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ።